ከጋሼ ቦርሳ ወደ መዝገብ፦ የአንድ ታዳጊ ቡድን የርክክብ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

የዝውውር ደብዳቤው የደረሰው እርሱን ነው፤ የደነገጥነው እኛ ነን። እዚህ ድሬዳዋ የሰፈራችንን የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ያለ ምንም ክፍያ ሲያሠለጥን የኖረው ሰው ባቡር ላይ ይሠራል፤ አሁን ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል፤ ሚያዝያ ላይ ይሄዳል። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። በዕድሜ የሚበልጡት አባቶች ሳይቀሩ ጋሼ ስለሚሉት እኔም እዚህ በዚያው ስም እቀጥላለሁ።

የወላጆች ስብሰባ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሜዳው ዳር ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተደረገ። «ማን ይተካዋል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ሁሉም ስልኩን መመልከት ጀመረ። እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ልጄ በቀኝ መስመር ይሮጣል፤ ሲሮጥ አያለሁ፤ ከኳስ ጋር ያለኝ ዝምድና ይኸው ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «አቦ፣ እኚህ ሰውዬ መዝገብ ያዥ አይደሉም እንዴ? ቢያንስ ይጻፉልን!» አሉ። በዚህ ሁኔታ የቡድኑ ጸሐፊ ሆንኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ጋሼን አስቀምጦ «ለመሆኑ ምን ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ሆነ። ግማሽ ገጽ የሚበቃው መስሎኝ ነበር፤ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ ጻፍኩ። ልምምድ ማሠራት ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሹ ሆኖ ተገኘ። ኳሶቹን ይነፋል፤ የሜዳውን ቁልፍ ከዘበኛው ይቀበላል፤ አስም ያለበትን ልጅ ያውቃል፤ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣውንም ያውቃል፤ ለእርሱ ሌሎቹ ሳያዩ ዳቦ ይገዛል። የማን አባት ዓርብ ከሰዓት ልጁን እንደማይለቅ፣ የማን እናት እሑድ ከቅዳሴ በፊት እንደማትለቅ ያውቃል። ውጤቱ የወረደ ተማሪ ካለ ከክፍል ኃላፊው ጋር ይነጋገራል። ለውድድር ደብዳቤ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ማሊያዎቹን ማን እንደሚያጥባቸው ስጠይቀው ትንሽ አፈረና «ባለቤቴ ናት» አለኝ። እኚህን ሴት ሜዳ ላይ አይቻቸው አላውቅም፤ ከጋሼ ቀጥሎ የቡድኑ ነባር ሠራተኛ ግን እርሳቸው ናቸው።

ሁሉም ነገር ያለው በአንድ ጥቁር የትከሻ ቦርሳና በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ነው። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ኦዲተር ቀይ እስክሪብቶ ያነሣል። ስለዚህ የምትክ ፍለጋውን ለጊዜው ትቼ ሌላ ስሌት ጀመርኩ፦ ይህ ሰው ስንት ሰው ነው?

ጥቅምት መጀመሪያ

መዝገብ ተገዛ፤ ትልቁ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስልክ፣ ትምህርት ቤት፣ የጤና ሁኔታ፣ ከልምምድ በኋላ ልጁን ማን እንደሚወስደው። የመጨረሻው አምድ ትርፍ ይመስል ነበር፤ ከሁሉ የሚሞላው እርሱ ሆነ። ልጆቻችን ከተማውን ለሁለት ከሚከፍለው አሸዋማ ወንዝ ከደቻቱ ወዲህም ወዲያም፣ ከከዚራም ከመጋላም ይመጣሉ፤ አንዳንዱ በባጃጅ፣ አንዳንዱ በታላቅ እኅቱ እጅ።

ዕድሜ ላይ ስንደርስ ሥራው ቆመ። ብዙ ውድድሮች የዕድሜ ጣሪያ የሚያስቀምጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የልደት ወረቀቱ ደግሞ በእኛ ነው። ወላጅ እንደ ስሜቱ ሰባት ወይም ስምንት ይደምራል። ኅዳር 2004 የተወለደ ልጅ ወደ 2011 ነው የሚሄደው፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ የተወለደው ግን ወደ 2012። መሻገሪያው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። አንድ ቤንች ላይ የሚቀመጡ ሁለት ልጆች በዚህ ምክንያት በሁለት የዕድሜ ምድብ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ማንም አላጭበረበረም። ይህችን ሰንጠረዥ በመዝገቡ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍኳት። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ በጣም የምኮራባት እርሷ ናት።

ተንኮሉ ሌላ ነው። አንድ አባት ገና ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል ወረቀት ይዞ መጣ፤ በወረቀቱ ላይ ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከንፈሩ በላይ ግን ጢም እያቆጠቆጠ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ባለው የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤምአርአይ ያስመረምራል። እኛ ኤምአርአይ የለንም፤ ያለን ታላቅ ወንድሙ መቼ እንደተወለደ የሚያስታውስ ሰፈር ነው። ጋሼ አባትየውን አልተቆጣም። «ከታናናሾቹ ጋር ካጫወትነው ሁልጊዜ በጉልበቱ ያልፋቸዋል፤ ጉልበት እኩል የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ግን ኳስ አያውቅም» አለው። ልጁ ወደ እኩዮቹ ተዛወረ። አባትየው ሰላምታ ነፈገን።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ኅዳር መጀመሪያ

የግብ ሥራ። ሜዳው ላይ ያሉት አሮጌ ቋሚዎች የአዋቂ ናቸው፤ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ቁመት። የዐሥር ዓመት ግብ ጠባቂ እዚያ ውስጥ ሲቆም ከላይ የሚያልፈውን ኳስ በዓይኑ ብቻ ይሸኛል። ለትንንሾቹ 5 በ2 ሜትር የሆነ ተንቀሳቃሽ ግብ እንዲሠራ ተወሰነ። ቱቦው ከአንድ የፈረሰ መጋዘን ተገኘ። ብየዳውን ማን ይሥራው ስንል ዘበኛው ሳቅ ብሎ ሰላምታ የነፈገንን አባት ስም ጠራ፤ ለካስ ብየዳ ቤት አለው። ማን ሄዶ ይለምነው? ልጁ ሄደ። በማግሥቱ አባትየው ሜትር ይዞ መጣ፤ ስለ ቀድሞው ነገር አንድም ቃል አልተነሣም።

የተከራከርነው ስለ ክብደት ነው። እርሱ «እንዳይሰረቅ ከባድ ይሁን» አለ። እኔ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ግብ ልጅ ላይ ወድቆ እንደሚገድል አንብቤአለሁ፤ በብዙ አገሮች ደርሷል። የጨዋታው ሕግም ግብ መሬት ላይ በጥብቅ ካልተያዘ አይፈቀድም ይላል። ልጆች ደግሞ አግዳሚ ብረት ካዩ ይንጠለጠላሉ፤ ይህን የሚከለክል ሕግ ገና አልወጣም። በመጨረሻ የተስማማነው ክብደቱ ከኋላ እንዲሆን ነው፤ መሬት ላይ የሚተኛው የኋላ ብረት ወፍራም ቱቦ፣ የፊት አግዳሚው ቀጭን። በኋላው ብረት ላይ ደግሞ በደቻቱ አሸዋ የተሞሉ ማዳበሪያዎች ተጫኑ። ለሙከራ ሦስት ጎረምሶች አግዳሚውን ይዘው እንዲንጠለጠሉ አደረግን፤ አልተነቃነቀም።

የድሬ ፀሐይ ማዳበሪያ እንደሚበላ ግን ረስተነዋል። ብዙም ሳይቆይ ከረጢቶቹ ተሰነጣጥቀው አሸዋው ፈሰሰ። ባለ ብየዳው ረጃጅም የብረት ካስማዎች ሠራ፤ መሬቱ በዚህ ወቅት እንደ ሸክላ የደረቀ ስለሆነ ካስማው ከገባ አይወጣም፤ ዝናብ ሲጥል ግን ይላላል። ስለዚህ አሁን ሁለቱንም እንጠቀማለን፤ ካስማውም አለ፤ ማዳበሪያውም ድርብ ሆኖ በአሮጌ ሸራ ተሸፍኗል። ከየልምምዱ በፊት አንድ አዋቂ ሰው አግዳሚውን ጎትቶ ይፈትናል፤ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ፊርማው ሲጀመር ተሳቀብኝ። አሁን አይሳቅም። ቀለሙ ነጭ ነው፤ ደንቡም ይኸው ነው፤ በዚያ ላይ ያልተቀባ ብረት በድሬ ቀትር እጅ ይልጣል።

መስመሩን ደግሞ አንዱ ወላጅ ኖራ ይዞ ሊያሰምር መጣ። ኖራ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባማ የከፋ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ እየወደቁ የሚጫወቱ ናቸው። በጀሶ ተተካ። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል 3፣ 4 እና 5 ሜትር የሆነውን የገመድ ሦስት ማዕዘን ለማስረዳት ወረቀት ስዘረጋ፣ ግንበኛ የሆነ አባት ገመዱን ቋጥሮ፣ ዘርግቶ፣ ካስማውን መትቶ ጨርሶ ነበር። ወረቀቴን አጠፍኩ።

ገመዱን በሌላው ጫፍ የያዘው ዘበኛው ነው። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲካሄድ አንደኛው ምድብ የተጫወተው እዚህ ድሬዳዋ ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። እርሱ ያኔ ልጅ ነበር፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ እንዳየ ይናገራል። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ከዚሁ ምድብ ነው የወጣችው። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በ1950ዎቹ፣ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ወደዚህ ከተማ አምጥቶት ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት፤ ከዚያ አንዱ «ዛየር የት ነው ያለችው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላኛው ደግሞ ዛፉ የቱ እንደሆነ።

ኅዳር መጨረሻ

ሁለት ወጣት አሠልጣኞች ተገኝተዋል። አንደኛው ራሱ በዚህ ቡድን ያደገ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለትምህርት ቤቷ ትጫወት ነበር፤ የሴቶቹን ሰዓትም እንድትይዝ ተስማምታለች።

ወጣቱ ይጮኻል። ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮኻል፤ ልጆቹም ኳሱን ትተው እርሱን ያያሉ። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹን ሁሉ በአንድ ረድፍ አሰልፎ ተራ በተራ ወደ ግብ ያስመታቸው ጀመር። ጋሼ ውኃ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ዝም አለ። ሲያበቃ «አንድ ልጅ ስንት ጊዜ ኳስ ነካ?» ብቻ አለው። ወጣቱ መልስ አልነበረውም፤ እኔ ግን ነበረኝ፤ ቆጥሬ ነበርና። አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ነው የዋሉት። በሚቀጥለው ልምምድ ሜዳውን በጀሶ ከፋፍሎ አራት ለአራት አጫወታቸው፤ ግብ ጠባቂ የለም፤ ረድፍም የለም። ላብ ያየሁት ያን ቀን ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአሠልጣኝነት ፈቃድ ደረጃው ከዲ ይነሣል፤ ዲው ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የሚያሠለጥኑ ጀማሪዎች የሚይዙት ነው። ሁለቱም ሥልጠናው ሲከፈት እንዲያመለክቱ ስማቸውን ጽፌአለሁ።

አንድ ነገር ከዚህ ላይ ልጨምር። በጎ ፈቃደኛ የሚጠፋው ምስጋና አጥቶ እንደሆነ ሲነገር እሰማለሁ፤ አይመስለኝም። የሚጠፋው ሥራው ጫፍ ስለሌለው ነው። ዛሬ «እስቲ ለዛሬ ኳሱን ያዝልን» የተባለ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላም ኳሱን እንደያዘ ነው፤ ማስረከብ ነውር ይመስለዋል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ስልኩን ያጠፋል። እኔ ለእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ጻፍኩ። የሁለቱም አሠልጣኞች «እስከ ሰኔ 30» ይላል። ወጣቱ ሥራ ካገኘ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ይሰጣል። «እንደ መሥሪያ ቤት አደረግኸው» ብሎ አንዱ አባት አጉረመረመ። ቢሆንስ?

ተራ ማውጣቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከሰዓት በኋላ አባቶችን ልመድብ ስል ስሞቹ ሁሉ በርጫ፣ ጫት ቅሚያ፣ ላይ ናቸው። የውኃውና የመድኃኒት ሣጥኑ ተራ እንዳለ ወደ እናቶች ሄደ፤ አባቶች የጠዋቱን ያዙ። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ የተገኘው ግን እርሱ ነው።

ታኅሣሥ

አጭር ግን ከባድ ወር። ሁለት ዐዋቂ የሚለውን ደንብ አቀረብኩ፤ ማንም አዋቂ፣ አሠልጣኝም ይሁን ወላጅ፣ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ በባጃጅ፣ በዕቃ ክፍል፣ በቤትም ቢሆን። ለልጅ በግል ስልክ መልእክት አይላክም፤ ለወላጅ ይላካል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ ውስጥ ተመሳሳይ ሐሳብ አለ።

ጉባኤው ቀዘቀዘ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «በጋሼ ላይ ነው ይህ የሚወጣው? ልጆቻችንን አሳድጎ?» አሉ። የሚገባ ጥያቄ ነው። እኔ ከመመለሴ በፊት ጋሼ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ መጀመሪያ ፈረመ። «ደንቡ የሚወጣው እኔን ለማታውቁበት ጊዜ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም። ቅሬታ ያለው ልጅ ወይም ወላጅ የሚያነጋግራት አንዲት ሴት ተመረጡ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከአሠልጣኞቹም ከእኔም ጋር ዝምድና የላቸውም። ዝምድና የሌለው ሰው ለማግኘት በዚህ ሰፈር ምን ያህል እንደተቸገርን ባላነሣው ይሻላል።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ወደ ሐረር ለወዳጅነት ጨዋታ። አባዱላ ተከራየን፤ የፈቃድ ወረቀት ያላመጣ ልጅ አልተሳፈረም፤ አልቅሶ የተመለሰ ነበር፤ የእኔው ልጅ። እናቱ እስክትመጣ ሾፌሩ በትዕግሥት ጠበቀን።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ ልጆቹ መስኮት መዝጋት ጀመሩ። ሹራብ ያሰበ አንድም ወላጅ የለም፤ በድሬ ሹራብ ማን ያስባል? ለማሟሟቂያ የተመደበው ጊዜ ረዘም ተደረገ። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ልጆቻችን ቶሎ ቶሎ እየተነፈሱ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ውጤቱን አልጽፍም፤ የእኔ መዝገብ የውጤት አምድ የለውም።

ለእኔ የዕለቱ ትርፍ የተቃራኒ ቡድኑ ጸሐፊ ናት። መዝገቧን አየሁት፤ ቀናሁ። እያንዳንዱ ልጅ ፊት ለፊት የቀረበት ቀንና «ማን ጠየቀው?» የሚል አምድ አለ። ሁለት ልምምድ በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤቱ ይኬዳል። «ኳስ የሰለቸው ጥቂት ነው፤ ጫማው የተቀደደበት፣ ታናሽ የሚጠብቅ፣ ቤት የለቀቁ ናቸው የሚበዙት» አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ገለበጥኩት። ስንመለስ የጫት ገበያዋ አወዳይ ላይ ሾፌሩ ለአምስት ደቂቃ ልቁም አለ። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለት ዐዋቂ መኪናው ውስጥ ቀሩ፤ ደንብ ደንብ ነው። አምስቱ ደቂቃ እንደ ልማዷ ተለጠጠች።

የካቲት

ዐቢይ ጾሙና ረመዳን በቀናት ልዩነት ተከታትለው ገቡ። ጋሼ እስከ ዛሬ ይህን ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ስጠይቀው «እያየሁ» አለኝ። እያዩ ማለፍ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ስለዚህ ስብሰባ።

ወጣቱ አሠልጣኝ ሚያዝያ ላይ ውድድር ስላለ ልምምዱ እንዳይቀንስ ፈለገ። ከኢፍጣር በኋላ እናድርገው አለ። ሜዳው መብራት የለውም፤ ከተራዊሕ፣ ከረመዳን የሌሊት ሶላት፣ በኋላ ደግሞ ለሕፃናት ሌሊት ነው። ጠዋት እንዳይባል ትምህርት አለ። ሴቷ አሠልጣኝ ልምምዱ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት እንዲሆን፣ ሩጫ እንዲቀር፣ ቅብብልና ኳስ መቆጣጠር ብቻ እንዲሠራ፣ የሳምንቱ ቀናትም እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበች። ሁለቱ ተከራከሩ። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው። ገባቸው። ሴቷ አሠልጣኝ ወጣቱን «ውድድሩን ብናሸንፍና አንድ ልጅ ቢወድቅስ?» ስትለው ነገሩ አለቀ።

ከባዱ ጉዳይ የሚጾሙት ትንንሾች ናቸው። ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ግዴታ የለበትም፤ ግን ታላቁን አይቶ ይጾማል፤ ይደብቃልም። የቁርአን አስተማሪ የሆኑ አንዲት እናት «ዛሬ ጾመሃል ወይ ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አትጠይቁት፤ ከጾመ ያፍራል፤ ካልጾመም ያፍራል» አሉን። ስለዚህ ማንም አይጠየቅም፤ ልምምዱ የተዘጋጀው ሁሉም ጾሟል ተብሎ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም መንቀጥቀጥ የታየበት ልጅ ወዲያው ጥላ ይገባል፤ ውኃ ይጠጣል፤ ወላጁ ይጠራል። በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹም ካህኑም አንድ ቃል ናቸው።

አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የማይጾሙት ልጆች ውኃ ሲጠማቸው ከአጥሩ ጀርባ ሄደው ነው የሚጠጡት። ማንም አላዘዛቸውም። ደንብ ልጽፍበት እስክሪብቶ አንሥቼ ተውኩት።

በወሩ መጨረሻ እናቶች ሜዳው ዳር ኢፍጣር አዘጋጁ። ተምር፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ። ሳምቡሳው ሁሉ የምስር ነው፤ ሥጋ ቢገባበት ዐቢይ ጾም የያዙት አይቀምሱትምና። ሲዘጋጅ ማንም ስለዚህ ሲወያይ አልሰማሁም።

መጋቢት

ሙቀቱ እየመጣ ነው። የጨዋታው ሕግ የመጠጫ ዕረፍት ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ የማቀዝቀዣ ዕረፍት ደግሞ ከ90 ሰከንድ እስከ ሦስት ደቂቃ እንዲሆን ይፈቅዳል። እኛ በየአጋማሹ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ እንወስዳለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላና ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ኳስ አይወጣም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ደቻቱ ነው። ልጆቹ አሸዋውን ይወዱታል፤ ሲወድቁ አያምም፤ ጋሼም ለጉልበት ማጠንከሪያ ያስሮጣቸዋል። ደቻቱ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል፤ ውኃው የሚመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማብቂያ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ በዚህ ከተማ ያንን ሌሊት የማያስታውስ አዋቂ የለም። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም። ጋሼ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩን አይቶ ነበር የሚወስነው፤ ይህ ዕውቀት ከእርሱ ጋር ባቡር ሊሳፈር አይገባም። አሁን ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከመጋቢት እስከ መስከረም አሸዋው ላይ ልምምድ የለም። በሌላው ጊዜም ተራራው ከጠቆረ ሁሉም ይወጣል፤ ኳስ ቢቀርም ማንም አይመለስም። ወጣቱ «ተራራው ሳይጠቁርስ ከሰባት ወር ልምምድ መከልከል አይበዛም?» አለ። ይበዛል። ይብዛ።

ሚያዝያ

ርክክብ። ጋሼ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ፊሽካዎቹ ለአሠልጣኞቹ፤ የመድኃኒት ሣጥኑ ለነርሷ፤ የደብዳቤዎቹ ፋይል ለእኔ፤ ትርፍ ቁልፉ ለግንበኛው፤ የዳቦው ጉዳይ ደግሞ ለአንዲት ሻይ ሻጭ፤ ልጁ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸውና ጋሼ ብቻ ናቸው፤ መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር ተስማምተናል። ለማሊያው እጥበት ስድስት ቤቶች ተራ ገቡ። የጋሼ ባለቤት ዝርዝሩን አንብበው «ብርቱካናማዎቹን ከነጮቹ ጋር እንዳታጥቧቸው» ብለው አስጠነቀቁ፤ በሜዳው ላይ ሲናገሩ የሰማኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ወጣ።

ከሄዱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ልምምድ የፓምፑ መርፌ ጠፋች። ኳስ ያለ መርፌ አይነፋም። ሁሉም ሁሉንም ጠረጠረ። መዝገቡን ገለጥኩ፤ የመጨረሻው ፊርማ የጋሼ ነው። ደወልንለት፤ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ አገኛት። በባቡር በሚሠራ ባልደረባው እጅ ላካት፤ ከእርሷ ጋር በቁራጭ ወረቀት «ተመላሽ በሚለው አምድ ላይ ፈርምልኝ» የሚል ነበር። ፈረምኩ።

ወጣቱ አሠልጣኝ የውድድሩን አሰላለፍ ለብቻው ሊያወጣ ሞክሮ ከሴቷ ጋር ተጣልቷል፤ ተነጋግረው ተስማሙ፤ እኔን አልጠሩኝም። ባለ ብየዳው ለሴቶቹ ሰዓት ሁለተኛ ጥንድ ግብ ጀምሯል፤ ለኋላው ብረት የሚሆን ወፍራም ቱቦ ግን አልተገኘም። ያለው የሚያውቅ ሰው ብየዳ ቤቱ ድረስ ይሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከ11 ሰዓት በፊት እንዳይሞክር።